ሚያዝያ 27 በሁለት ዘመን

ሚያዝያ 27 ቀን በታሪካችን ሁለት ተቃራኒ ድርጊቶች የተፈጸሙበት ዕለት ነው። በ1928 ዓ.ም. በማርሻል ባዶልዮ የሚመራው የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ፤ ልክ በአምስተኛው ዓመት፥ በ1933 ዓ.ም.፥ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ወደዚያችው ከተማ ተመለሱ። ነገር ግን ከተማይቱ ከጠላት እጅ የወጣችው አስቀድሞ መጋቢት 28 ቀን ነበር። ስለዚህ ሚያዝያ 27 የሚከበረው ጦርነቱ ስላበቃበት ሳይሆን፥ ውርደቱ በደረሰበት ቀን ክብሩ ስለ ተመለሰ ነው እንላለን። ለዚህም አንዱ ማስረጃ የላንጋኖ አካባቢ ነው። አዲስ አበባ በእልልታ ስትሞላ፥ ከሐይቁ በስተደቡብ ያለችው ሻሸመኔ ገና በጠላት እጅ ነበረች፤ ነጻ የወጣችው ግንቦት 6 ቀን ነው። እንግዲህ በዓሉን ስናስብ፥ ነጻነት ለአገሩ ሁሉ በአንድ ጀምበር እንዳልመጣ መዘንጋት የለብንም።