የአድዋ ዘማች ምሳ ምን ነበር? (በሶ ለምታፍሩ ሁሉ)

የታሪክ ፈተና ላይ "አድዋ መቼ ተደረገ?"፣ "ጦሩን ማን መራው?" የሚል ጥያቄ ሞልቷል። "ጦሩ ምን በላ?" የሚል ግን አይወጣም። እኔ ደሞ ይሄኛው ጥያቄ ከሌሎቹ አያንስም ባይ ነኝ። መቶ ሺህ ሰው በባዶ ሆዱ ተራራ አይወጣም።

ለምን አሁን አነሳሁት? ምሳ ሰዓት ላይ የማየው ነገር ስላሳሰበኝ ነው። በመምህር ደሞዝ፣ በነርስ ደሞዝ፣ በቢሮ ሠራተኛ ደሞዝ በየቀኑ ምግብ ቤት መግባት አልተቻለም። ስለዚህ ስንቱ በአንድ ሻይ ከሰዓትን ይገፋል። በሶ ወይም ቆሎ ከቤት ይዞ መምጣት ግን ያሳፍረዋል፤ የያዘም ጥግ ይዞ፣ ተደብቆ ነው የሚበላው። ወዳጆቼ፣ ይሄ እፍረት ከታሪካችን የመጣ አይደለም። በታሪካችን ስንቁን የቋጠረ ሰው ብልህ ነበር።

እስኪ ስንቅ የምንለውን እንየው፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ። የሁሉም ምስጢር አንድ ነው፤ እርጥበቱን አስወጣ፣ ይቆያል፣ ይቀላል። ገብስ ሲቆላ ይበስላል፣ ይደርቃል። ተፈጭቶ በሶ ሲሆን የሚፈልገው ውሃና ጨው ብቻ ነው። ማር ወይም ቅቤ ከተገኘ ድግስ ነው። በሶው በቅቤ ታሽቶ ጭኮ ሲሆን ደግሞ ወራት ይቆያል። ማገዶ አይፈልግ፣ ድስት አይፈልግ፣ ጭስ የለው። ይሄን የደረስንበት እኛ ብቻ አይደለንም፤ የቲቤት ደጋ ሰዎችም ከተቆላ ገብስ ዱቄት "ጻምፓ" የሚሉትን ምግብ ይሠራሉ። ደጋና ገብስ ባለበት ሰው አንድ ዓይነት ዘዴ ያገኛል ማለት ነው።

በዚህ ምግብ ማን ኖረ? ሲራራ ነጋዴው በቅሎና አህያውን እየነዳ ወራት ሲጓዝ በዚህ ኖሯል። ተማሪውም እንዲሁ። "የቆሎ ተማሪ" የሚለው ስም ራሱ ምስክር ነው። አኩፋዳውን አንግቶ ከደብር ደብር የሚዞረው ልጅ በምግቡ ነው የተጠራው። በልመና ያገኘውን ቁራሽ አድርቆ ድርቆሽ ያደርግና ለክፉ ቀን ያስቀምጣል። የድሮ ተማሪዎቼ፣ አገሪቱን ለዘመናት ያስተዳደሩትን ጸሐፊዎችና ሊቃውንት ያሳደገው ይሄ ምሳ ነው።

አሁን ወደ አድዋ እንሂድ። የአጼ ምኒልክ ጦር ጥቅምት 1888 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሳ፤ ጦርነቱ የተደረገው የካቲት 23 ነው። አራት ወር ተኩል ያህል መሆኑ ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ይብላ እንበል። ለ130 ቀን 65 ኪሎ ይሆናል። የጦሩን ብዛት 100,000 ብንል 65,000 ኩንታል ያስፈልጋል! ግምት ነው፤ ግን ነገሩን ያሳያል። ይሄን ሁሉ አህያም በቅሎም አይችለውም። ለዚህ ነው ዘማቹ ከቤቱ ስንቁን ይዞ ሲወጣ፣ በየመንገዱ ደግሞ እህል እንዲከማች የተደረገው። ያውም አገሪቱ ከብት አልቆባት ከነበረው ከክፉ ቀን ገና መውጣቷ ነው።

መጨረሻ ላይ ሁለቱም ወገን ስንቅ አልቆበት ነበር። ጄኔራል ባራቲየሪ ለወታደሩ የቀረው ምግብ የጥቂት ቀን ብቻ ስለነበር የካቲት 21 መኮንኖቹን ሰብስቦ "እንመለስ ወይስ እንግጠም?" ብሎ አማከረ። የኛም ሰፈር እህል ጨርሶ ሊነሳ ተቃርቦ ነበር። ያ ታላቅ ቀን በመድፍ ብቻ ሳይሆን በአቁማዳም ተወስኗል ማለት ይቻላል።

ስንቅ ያለቀበት ጦር ምን ያደርጋል? ገበሬውን ይበላል። የታሪካችን መራራ ገጽ ይሄ ነው። አጼ ቴዎድሮስ ወታደሩ ባላገሩን እንዳይዘርፍ ደሞዝ ሊቆርጡለት ሞከሩ፤ አልዘለቀም። አጼ ምኒልክ በ1880ዎቹ አሥራት የተባለውን የእህል ግብር ያመጡት ወታደር ገበሬ ቤት እየተመራ መቀለቡን ለማስቀረት ነበር። ስለዚህ የራሱን ስንቅ የያዘ ሰው የሌላውን አይነካም። ክብር ማለት ይሄ አይደል እንዴ?

አንድ ነገር ግን ሳልል ባልፍ እበድላለሁ። "ማብሰል የማይፈልግ ምግብ" ስንል እውነቱን አልተናገርንም። በሶ ተበስሎ ያለቀ ነው፤ ድካሙ ቤት ቀርቶ ነው። ማን ቆላው? ማን ሰፈጀው፣ ማን በወፍጮና በመጅ ፈጨው? ሴቶች ናቸው። አድዋ ድረስ አብረው ዘምተው፣ እህል እየፈጩ፣ ውሃ እየተሸከሙ ጦሩን ያቆሙት እነሱ ናቸው። በ1969 እና 70 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት ጊዜም በየቀበሌው ደረቅ ስንቅ ሲያዘጋጁ የነበሩት እናቶቻችን ናቸው። የተዋጊው ስም ተጻፈ፤ የቆይዋ ስም ግን አልተጻፈም።

ስለዚህ ወንድሞቼ፣ "ከነገ ጀምሮ ስንቅ ቋጥሪልኝ" ብላችሁ ሚስታችሁ ወይም እናታችሁ ላይ ሥራ እንዳትጨምሩ። የሚከተሉት ማንም በአምስት ደቂቃ የሚያዘጋጃቸው ናቸው፦

✔ በሶ። በቀን 100 ግራም ብትወስዱ አንድ ኪሎው ለ10 የሥራ ቀን፣ ማለትም ለሁለት ሳምንት ይሆናል። ደረቁን በዕቃ ያዙት፤ ውሃውን እዚያው ጨምሩ። ከሙዝ ጋር ሲሆን ያጠግባል።

✔ የገብስና የሽምብራ ቆሎ ከኦቾሎኒ ጋር። ቅዳሜ አንዴ ቆልታችሁ ሳምንቱን ሙሉ ነው።

✔ ቲማቲም ፍትፍት። ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ትንሽ ዘይት። እንጀራውን ለብቻ ያዙና ልትበሉ ስትሉ ፈትፍቱት፤ አለበለዚያ ይላቁጣል።

✔ ዳቦ በአቮካዶ። ጨውና ሎሚ አትርሱ።

እና ምሳ ዕቃችሁን ጠረጴዛ መሃል ላይ ክፈቱት። አጠገባችሁ ሻይ ብቻ ይዞ የተቀመጠ ካለ "እንብላ" በሉት። ስንቅ ድሮም ለብቻ ተበልቶ አያውቅም።

እስኪ እናንተ ሥራ ቦታ ምን ትቋጥራላችሁ? በየአካባቢያችሁ ያለውን የስንቅ ዓይነት ከነአሠራሩ ጻፉልኝ፤ ለክፍል ውስጥም ይጠቅመኛል። መልካም ምሳ!