ቅዳሴው በማን ሥርዓት?

በ1548 እና በ1549 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሮም ውስጥ በግእዝ የተጻፈ አዲስ ኪዳን ከሥርዓተ ቅዳሴ ጋር ታተመ። ሥራውን የመሩት ቫቲካን ውስጥ በሚገኘው የሐበሾች ገዳም፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ ይኖሩ የነበሩት መነኩሴ ተስፋ ጽዮን ናቸው። እንግዲህ ሮም የኢትዮጵያን ቅዳሴ አታውቀውም ነበር ሊባል አይችልም፤ በገዛ ከተማዋ ታትሞ ነበርና።

ከሰባ አምስት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1625፣ ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ አልፎንሶ ሜንዴዝ ፓትርያርክ ሆኖ ኢትዮጵያ ሲገባ ግን ያ መጽሐፍ ጨርሶ ያልነበረ ይመስል ነበር። ከእርሱ በፊት የነበረው ፔድሮ ፓኤዝ የአገሩን ቋንቋ ተምሮ፣ ሰውን ሳያስቸኩል የቤተ መንግሥቱን ልብ ያገኘ ሰው ነው። ሜንዴዝ በሌላ መንገድ ሄደ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1626 ለሮም መታዘዛቸውን በይፋ ካወጁ በኋላ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ክህነት ይቀበሉ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና ይባረኩ ተባለ። በዓላትና አጽዋማት በሮማ አቆጣጠር ዞሩ፤ ግዝረትና የቅዳሜ ሰንበት ተከለከሉ። በኋላ ነባሩ ቅዳሴ እየታረመ እንዲቀደስ ቢፈቀድም ጊዜው አልፎ ነበር። በ1632 ከብዙ ደም መፋሰስ በኋላ ንጉሡ ሃይማኖቱን ለሕዝቡ መለሱ፤ ልጃቸው ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን አባረሩ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የባሕርይ ክርክር ተደርጎ ነው። ክርክሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ስለ ሁለት ባሕርይ መከራከር የማይችለው ገበሬም የተነሣው ጾሙ፣ በዓሉና የልጁ ጥምቀት ስለተነካበት ነው። ለእርሱ ሃይማኖት ማለት እነዚህ ነበሩ።

ሁለት መቶ ዓመት አልፎ በ1839 የመጡት ጣሊያናዊው ላዛሪስት ጁስቲኖ ዴ ያዕቆቢስ ይህን የተረዱ ይመስላሉ። ትግራይ ውስጥ እንደ አገሩ መነኩሴ ለብሰው፣ ግእዝና አማርኛ ተምረው ኖሩ፤ ሕዝቡም አቡነ ያዕቆብ አላቸው። በ1849 ምጽዋ ላይ ጵጵስና የቀቡአቸው ካፑቺኑ ጉልየልሞ ማሳያ ናቸው። አቡነ ያዕቆብ በግእዝ ሥርዓት ቀደሱ፤ በ1851 ደግሞ በዕድሜ የገፉትን ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤልን ቅስና ሾሙ። ማሳያ በበኩላቸው ወደ ኦሮሞ ምድር የላቲኑን ሥርዓት ይዘው ሄዱ። ዛሬ የአዲስ አበባ፣ የዓዲግራት፣ የእምድብርና የባሕር ዳር-ደሴ አህጉረ ስብከት በግእዝ፣ የሐዋሳ፣ የሶዶና የሌሎቹ የደቡብ ሐዋርያዊ መንበሮች በላቲን ሥርዓት የሚቀድሱት ከዚህ የሚስዮናውያን ድርሻ የተነሣ ነው።

ግእዙን መፍቀድ ግን ግእዙን መጠበቅ ማለት አልሆነም። ነባሩ ሥርዓት ለቅዳሴ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይፈልጋል፤ ከዚያም በፊት ማሕሌቱ፣ ከበሮው፣ ጸናጽሉ አለ። በካቶሊክ ቁምስናዎች ውስጥ አንድ ቄስ ብቻውን፣ በንባብ፣ አሳጥሮ የሚቀድስበት የላቲን ልማድ ገባ። ቃሉ የግእዝ፣ አካሄዱ የሮማ ሆነ። በ1945 ቫቲካን ያሳተመችው የግእዝ መጽሐፈ ቅዳሴ ቃሉን በሚገባ አቆየ፤ ዜማ ግን ከመጽሐፍ አይገኝም፣ ከመምህር አፍ ነው የሚቀዳው። ደብተራ የሌለው ቁምስና ከየት ይቀዳ?

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1964 ስለ ምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ባወጣው ድንጋጌ፣ ከአባቶቻቸው ሥርዓት የራቁ ወደዚያው እንዲመለሱ አዘዘ። ከሜንዴዝ በኋላ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ የተነገረ ቃል ነው። ሆኖም ያው ጉባኤ ዓመት ቀደም ብሎ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ እንዲቀደስ በር ከፍቶ ነበር። ሁለቱ ትእዛዞች እርስ በርስ ይጎትታሉ። አማርኛው ምእመኑ ምን እንደሚጸልይ እንዲያውቅ አድርጓል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን በግእዝ ቃል ልክ የተሠራው የያሬድ ዜማ አማርኛው ላይ ሲጫን አንዳንዱ ቦታ ይሰፋል፣ አንዳንዱ ቦታ ይጠባል፤ የሰለጠነ መሪ ካልያዘው ወደ ንባብ ይወርዳል።

ችግሩ ውጭ አገር ይበረታል። ዋሽንግተንን በመሰሉ ከተሞች የሚኖሩ የግእዝ ሥርዓት ካቶሊኮች አማርኛ የሚሰሙ ወላጆችና እንግሊዝኛ የሚቀናቸው ልጆች አሏቸው። የላቲን ቁምስና ሕንፃ ተውሶ የሚቀድስ ማኅበር ደግሞ ሰዓቱ የተለካ ነው። ከሰዓታት ረዥሙ ጸሎት ምኑ ይቀነስ የሚለውን የሚወስነው ብዙውን ጊዜ ሊቅ ሳይሆን፣ ቀጥሎ በዚያው ሕንፃ የሚቀደሰው የሌላው ማኅበር ሰዓት ነው።