ከስታዲየም እስከ ኮርቤቲ፦ ከእግሬ ሥር የተነቃነቀው

በ1999 ዓ.ም. አዋሳ ከነማ ለሁለተኛ ጊዜ የፕሪምየር ሊግ ዋንጫ ሲወስድ የ17 ዓመት ልጅ ነበርኩ። የመጀመሪያው በ1996 ነው፤ ጊዮርጊስና መብራት ኃይል ሲፈራረቁበት የነበረው ዋንጫ ያን ጊዜ ወደ እኛ መጣ። አባቴ ስታዲየም ይዞኝ ይገባ ነበር። “ሴት ልጅ እዚያ ምን ትሠራለች?” የሚሉ ጎረቤቶች ነበሩ፤ እሱ ግን “ከወንድሞቿ ይልቅ ጨዋታ የሚገባት እሷ ናት” ብሎ ያልፋቸዋል። ጎል ሲገባ ሕዝቡ አብሮ ይዘላል፤ መቀመጫው ከሥሬ ይነቃነቃል። ስደነግጥ አባቴ “አይዞሽ፣ መሬት አይደለችም” እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ጥር 15 ቀን 2008፣ እሁድ፣ የተነቃነቀችው ግን መሬት ነበረች።

እኔ እቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። የመደርደሪያው ብርጭቆ ተንኳኳ፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። ታናሽ እህቴ የምትማርበት ቦታ ግን መኝታ ቤቱ ፎቅ ላይ ነው። ተማሪው ሁሉ ወደ አንዱ ጠባብ ደረጃ ሲሮጥ መንገድ ያጣችው እህቴ በመስኮት ዘለለች፤ ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ። ያን ቀን በከተማችን እንደሷ የተጎዱ ተማሪዎች ብዙ ነበሩ። የመንቀጥቀጡ መጠን 4.3 ገደማ ነበር፣ በዓለም ሚዛን ትንሽ የሚባል። እህቴ የዘለለችበት ሕንፃ አንድ ግድግዳ እንኳ አልተሰነጠቀም።

ከዓመት በኋላ በአጋጣሚ ለአንድ የከርሰ ምድር ጥናት ቡድን የሒሳብ ሠራተኛ ሆንኩ። ሥራዬ አበል መክፈልና ደረሰኝ መሰብሰብ ነው (በነገራችን ላይ ጂኦሎጂስት ድንጋይ ይሰበስባል እንጂ ደረሰኝ አይሰበስብም)። ወደ ኮርቤቲ ለሠራተኞች ክፍያ ስንወጣ ቡድኑን ይመሩ የነበሩት አዛውንት ጂኦሎጂስት አገሩን ያሳዩኝ ነበር። ሀዋሳና ሐይቋ የተቀመጡት ጥንት አንድ ትልቅ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ መሬቱ ሲሰምጥ በተፈጠረ ሰፊ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ከሐይቁ በስተሰሜን ያለው ኮርቤቲ በዚያው ጎድጓዳ ውስጥ በኋላ የተወለደ ነው። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ መሬቱ በዓመት 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ሲል በሳተላይት ተለክቷል። የእህቴን ነገር ብነግራቸው ስለ ኮርቤቲ አንድም ቃል አልተናገሩም። “ደረጃው በአንዴ ስንት ሰው ያሳልፋል?” ብለው ጠየቁኝ።

ስለ ፒየር ጉዋን የሰማሁትም ከሳቸው ነው። ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ካህን ሲሆኑ አዲስ አበባ የሚገኘውን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የመሠረቱ ሰው ናቸው። የአገራችንን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ከዜና መዋዕል፣ ከተጓዦች ጽሑፍና ከመሣሪያ መዝገብ ለቅመው በ1971 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳተሙ። በምኒልክ ዘመን በነሐሴ 1898 ከወደ ላንጋኖ ተነሥቶ አዲስ አበባን ያንቀጠቀጠው አለበት። በ1953 ማጀቴን ያፈረሰው፣ ካራቆሬንም የጎዳው አለበት። ለእኔ መጽሐፉ እንደ ሒሳብ መዝገብ ነው፤ ቀኑ፣ ቦታው፣ የጠፋው ሁሉ ተመዝግቦ ይገኛል።

ይህን አሁን የምጽፈው ለአዳራሻችን የቀረበው ሁለት ዓይነት ዋጋ ጠረጴዛዬ ላይ ስላለ ነው። ርካሹ የሚረክሰው ሁለተኛውን ደረጃ ስለሚያስቀር፣ የአግዳሚውንም ብረት ስለሚቀንስ ነው። የማኅበሩን ሳንቲም መቆጠብ ሥራዬ እንደሆነ እህቶቼ ታውቃላችሁ፤ በየወሩ የምታዋጡትን ቆጥሬ የምቀበለው እኔ ነኝ። ደጋፊዎቻችንም ወጪያችሁን ቀንሱ ማለታችሁ ልክ ነው። በዚህ ግን አልስማማም። እህቴ ዛሬም ብርድ ሲሆን ያነክሳታል። በሚቀጥለው ስብሰባ ሁለቱንም ፕላን ይዤ እመጣለሁ፤ ደረጃውን በቀይ አክብቤበታለሁ።