የከበሮ መቺው ድርሻ

ስለ ዘፈን ታሪክ በሚነገርበት ጊዜ አስቀድሞ ስሙ የሚነሣው ዘፋኙ ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ ዜማውን የደረሰው ሰው ይጠራል። ከሁሉም በስተኋላ ተቀምጦ ሌሊቱን ሙሉ ከበሮ ሲመታ ያደረው ግን ድግሱ እንዳለቀ አሳላፊ ተረስቶ ይቀራል። ወጣቶች ሆይ፥ አሁን የምንተርክላችሁ ከእነዚህ ከተረሱት ወገን ስለ ሆነ አንድ ሰው ነው። ስሙ ጆሴፍ ሞደሊስት ይባላል፤ ወዳጆቹ ዚጋቡ እያሉ ይጠሩታል። በ1948 ዓመተ ምሕረት (ዘመኑን ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር እንጽፋለን) በአሜሪካ አገር፥ በሉዊዚያና፥ በኒው ኦርሊንስ ከተማ ተወለደ። እጁን ያሠለጠነችው ይህች ከተማ ናትና፥ ስለ ሰውየው ከመናገራችን በፊት ስለ እርስዋ መናገር ግድ ይሆንብናል።

ኒው ኦርሊንስን በ1718 በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር የቈረቈሯት ፈረንሳዮች ናቸው። ከዚያ በኋላ ስፓኞች ገዟት፤ በ1803 ደግሞ አሜሪካኖች ከሰፊው አገር ጋራ በገንዘብ ገዙዋት። ከአፍሪካ በባርነት ተግዘው የመጡት ሰዎች በከተማይቱ ብዙ ነበሩ። በሌላው የአሜሪካ ክፍል ጌቶቹ ከበሮን እንደ ጦር መሣሪያ ይፈሩት ነበር፤ በደቡብ ካሮላይና በ1739 ባሮች ቢያምፁ፥ በማግሥቱ ዓመት የወጣው ሕግ ከበሮ እንዳይመቱ ከለከላቸው፤ ምክንያቱም ከበሮ ሰው ይጠራል። በኒው ኦርሊንስ ግን ባሮቹ እሑድ እሑድ ተሰብስበው የመጫወት ልማድ ነበራቸው። በ1817 የከተማው ሹማምንት፥ ስብሰባው እነርሱ በሚወስኑት ቦታ ብቻ እንዲሆን ደነገጉ። ቦታው በኋላ ኮንጎ አደባባይ ተባለ። ሹማምንቱ ያሰቡት ሕዝቡን በዓይን ለመጠበቅ ነበር፤ ሳያስቡት ግን ከበሮውን ጠበቁለት።

ከዚህ ሌላ የከተማይቱ የቀብር ሥርዓት አለ። ሰው ሲሞት የማርሽ ሙዚቀኞች ከሬሳው ጋራ ይሄዳሉ። እስከ መቃብር ድረስ ዜማው ዝግ ያለና የሐዘን ነው፤ የትንሹ ከበሮ ድምፅ እንኳ ታፍኖ ይመታል። ሟቹ ከተሸኘ በኋላ ግን ከበሮው ይፈታል፤ ዜማው ይፈጥናል፤ ለቅሶኛው ሁሉ መሐረቡንና ጃንጥላውን እያወዛወዘ በመንገድ ላይ ይጨፍራል። ከሙዚቀኞቹ ኋላ የሚከተለው ይህ ሕዝብ «ሁለተኛው ሰልፍ» ይባላል፤ የከበሮውም ስልት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ሙሾና አስለቃሽ ለምናውቅ ለእኛ ነገሩ እንግዳ ሊመስለን ይችላል፤ ነገር ግን እዚያ ጭፈራው ሟቹን መናቅ አይደለም፥ ማሰናበት ነው እንጂ።

በዚህ ሰልፍ ውስጥ ከበሮ መቺዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ትልቁን ከበሮ በሆዱ ላይ ተሸክሞ፥ ከላዩ የተተከለችውን የነሐስ ሳሕን በሽቦ እየመታ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ከሥሩ ሽቦ የተወጠረበትን ትንሹን ከበሮ ይይዛል። ሁለቱ ሰዎች እየተጠያየቁና እየተመላለሱ ስለሚመቱ፥ ምቱ አንድ ሰው ብቻውን ከሚያስበው የተለየ ይሆናል። ትልቁን ከበሮ በእግር የሚመታ መርገጫ ከ1909 ጀምሮ በፋብሪካ እየተሠራ ሲስፋፋ፥ የሁለቱን ሰዎች ሥራ አንድ ሰው ተቀምጦ የሚሠራው ሆነ። በ1924 የተወለደው የከተማው ልጅ ኧርል ፓልመር የመንገዱን ምት ወደ ሸክላ መቅጃ ክፍል አስገብቶ ከፋትስ ዶሚኖና ከሊትል ሪቻርድ ጋራ ተጫወተ። ከእርሱ ቀጥሎ ስሞኪ ጆንሰን ተነሣ። ሞደሊስት ገና ልጅ ሳለ እነዚህን የመሰሉ ሰዎች ሲመቱ እያየና ሰልፉን እየተከተለ አደገ። ዋና ትምህርት ቤቱ መንገዱ ነበር ማለት ይቻላል።

ዐሥራ ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነው አርት ኔቪል የሚባል የታወቀ ፒያኖ መቺ ከጓዱ አስገባው። ቡድኑ ፊት ብዙ ሰው ነበረበት፤ በኋላ ግን በቡርቦን መንገድ ላይ በአንድ ጠባብ የጭፈራ ቤት ሲቀጠሩ አራት ብቻ ሆኑ፤ ኔቪል፥ ጊታር መቺው ሊዮ ኖሰንቴሊ፥ ባስ ጊታር መቺው ጆርጅ ፖርተርና ሞደሊስት። ዘፋኝና ጥሩምባ ነፊ ስለሌለ ባዶውን ቦታ የግድ ከበሮው መሙላት ነበረበት። ድህነት አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ጥበብ ያወጣል። በቀን የአለን ቱሳንት የሸክላ ሥራ አጃቢዎች ሆኑ፤ ከዚያም ሚተርስ በሚል ስም የራሳቸውን ሸክላ አወጡ። በ1969 ያሳተሙት «ሲሲ ስትረት» ቃል የሌለው ዜማ ሳለ፥ በአሜሪካ የጥቍሮች ሙዚቃ ሰንጠረዥ አራተኛ ደረጃ ደረሰ። ፋንክ በሚባለው፥ ዜማው አጭር ሁኖ ባስ ጊታሩና ከበሮው በሚመሩት ሙዚቃ ውስጥ፥ ይህ ሸክላ እንደ ፊደል ገበታ ይቈጠራል።

እስቲ ምቱን እንመልከት። በተለመደው የአሜሪካ ጭፈራ፥ አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት፥ አራት ተብሎ ሲቈጠር ብርቱው ምት በሁለትና በአራት ላይ ያርፋል፤ ቀኝ እጅም ሳሕኑን ሳያቋርጥ እየመታ እንደ ዘበኛ ጊዜውን ይጠብቃል። ሞደሊስት ቀኝ እጁን ከዚህ ዘበኝነት አሰናበተው። ሁለቱ እጆቹ ሳሕኑንና ትንሹን ከበሮ እየተካፈሉ፥ እግሩ ደግሞ በመካከል ጥያቄ እየጣለ፥ ቁጭ ያለው አንድ ሰው በመንገድ እንደሚሄዱት እንደ ሁለቱ ሰዎች ያሰማል። በጐሉት ምቶች መካከል ደግሞ ጆሮ በጭንቅ የሚይዛቸው ቀላል ንክኪዎች አሉ። አረማመዱ እኩል እንዳይባል ያነክሳል፤ ያነክሳል እንዳይባል ቀጥ ይላል። ይህን በኖታ ወረቀት መጻፍ ይቻላል፤ ጽፎ ግን ያንኑ ማሰማት እጅግ ያስቸግራል።

ከዚህ በኋላ ዝናቸው ሰፋ። በ1973 ለዶክተር ጆን ሸክላ ተጫወቱ፤ በ1975ና በ1976 ከእንግሊዞቹ ሮሊንግ ስቶንስ ጋራ በትልልቅ አዳራሾች ዞሩ። በዚያው በ1976 ግን ወደ መንደራቸው ተመልሰው፥ የኔቪል አጎት ይመራው ከነበረው ከዋይልድ ቻፒቱላስ ማኅበር ጋራ አንድ ሸክላ አወጡ። እነዚህ ማኅበርተኞች ዓመቱን ሙሉ በዶቃና በላባ ልብስ ሲሰፉ ከርመው፥ የካቶሊኮች ጾም ሊገባ በቅበላው ቀን አጊጠው፥ አታሞ እየመቱና እየተቀባበሉ በመንገድ የሚወጡ ጥቍር ሠራተኞች ናቸው። በእኔ አስተያየት ከዚያ ሁሉ ዙረት ይልቅ የሚበልጠው ይህ ሥራ ነው።

በ1977 ቡድኑ ፈረሰ። የውልና የገንዘብ፥ የተቀዳው ሸክላም የማን ነው የሚለው ክርክር ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። ሞደሊስት በ1979 ከኪዝ ሪቻርድስና ከሮኒ ዉድ ጋራ በአሜሪካ ዞረ፤ ኋላም ኑሮውን ወደ ካሊፎርኒያ አዛወረ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ሚተርስ በ1970 አካባቢ «ኦ ካልካታ» የተባለውን፥ ስታንሊ ዎልደን ለቲያትር የደረሰውን ዜማ በራሳቸው ስልት ተጫውተው ነበር። በ2005 ኤሜሪ የተባለች ዘፋኝ «ዋን ቲንግ» የሚል ዘፈን አወጣች፤ ዘፈኑ የቆመው ከዚያ ከአሮጌው ሸክላ ተቈርጦ በተወሰደው በሞደሊስት ከበሮ ላይ ነው። በአሜሪካም ከመጀመሪያዎቹ ዐሥር ዘፈኖች መካከል ገባ። በደራሲነት የተጻፉት ግን ሦስት ናቸው፤ ዘፋኟ፥ አቀናባሪዋ ሪች ሃሪሰንና ስታንሊ ዎልደን። ሕጉ ዜማና ቃል የደረሰውን ደራሲ ይለዋል፤ የተቀዳውም ድምፅ ባለቤት አለው፥ እርሱም ብዙውን ጊዜ አሳታሚው ነው። ከበሮ መቺው የሚያገኘው በውሉ የተጻፈለትን ብቻ ነው። ሚተርስ በራሳቸው ድርሰት «ሲሲ ስትረት» ላይ አራቱም እኩል ደራሲ ተብለው ተጽፈዋል፤ እነርሱስ ያውቁት ነበር።

አንድ ተከራካሪ፥ ምቱ የኒው ኦርሊንስ መንገድ ነው፤ ከኮንጎ አደባባይ ጀምሮ ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች ያወረሱትን አንድ ሰው እንዴት የኔ ይላል? ሊል ይችላል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ሆኖም የእኛን የቅኔ ቤት እናስብ። ጉባኤ ቃናው፥ መወድሱ፥ የቤቱ አመታት የማንም አይደለም፤ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር የወረደ ነው። ይሁን እንጂ ትናንት በማኅሌት የተቀኘው ቅኔ የባለቅኔው ነው፤ ሌላው ወስዶ የኔ ቢል ጉባኤው ያፍርበታል። ከተማይቱ ለሞደሊስት መንገዱን ሰጠችው፤ በዚያች ቀን በዚያ ክፍል ውስጥ በመንገዱ የሄደው ግን የእርሱ እግር ነው። ዎልደን ያልጻፈውን፥ ሃሪሰንም ያልመታውን እርሱ መታው።

በዚያው በ2005 በሚያዝያ አራቱ ሰዎች ከብዙ ዓመት በኋላ በከተማቸው የጃዝ በዓል አብረው ተጫወቱ። በነሐሴ ደግሞ ካትሪና የተባለው ዐውሎ ነፋስ መጣ፤ ግድቡ ተደርምሶ ከከተማይቱ ከአምስት እጅ አራቱን ውሃ ሸፈነው፤ ሕዝቡም በየአገሩ ተበተነ። በ2018 የግራሚ ሽልማት ሰጪዎች ለሚተርስ የዕድሜ ልክ ሥራ ክብር ሰጡ፤ በማግሥቱ ዓመት አርት ኔቪል ዐረፈ። በ«ዋን ቲንግ» ደራሲዎች ዝርዝር ላይ ያሉት ስሞች ያው ሦስቱ ናቸው።