«አር ኦ»፦ ከጥርጣሬ ማውጣት

ቦሌ በኩል ባለ አንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነን። ከሰሚት ይዘናቸው የመጣናቸውን ጎረቤታችንን ደረታቸውን ጨምድዶ ከያዛቸው ሰዓት አልፎታል። ልጃቸው ካርዳቸውን አሻግራ አየችው፤ በእንግሊዝኛ ፊደል «አር ኦ» ይልና ቀጥሎ «ኤም አይ» ይላል። ስልኳን አውጥታ «ኤም አይ» ማለት የልብ ጡንቻ ደም አጥቶ መሞት መሆኑን ስታነብ ክው አለች።

«ዶክተር፣ አባቴን የያዘው ልብ ነው እንዴ?»

«እሱን መቼ አልኩ እህቴ? እሱ አለመሆኑን ላረጋግጥ ነው የጻፍኩት።»

ሁለቱ ፊደላት «ሩል አውት» የሚለው አነጋገር ምሕጻር ናቸው። ሐኪሞቻችን ቀኑን ሙሉ ይሉታል፣ አማርኛ ግን አላበጁለትም። መዝገበ ቃላት የገለጠ ሰው «ማስወገድ» ይላል፤ «የልብ ሕመሙን እናስወግዳለን» የተባለ በሽተኛ ግን ሊያድኑኝ ነው ብሎ ይረዳል። «ማጣራት» ይቀርባል፤ ሆኖም ማጣራት ወዴትም ሊያበቃ ይችላል። እኔ «ከጥርጣሬ ማውጣት» እላለሁ። ተቃራኒው፣ በሽታው መኖሩን ማረጋገጡ፣ «ጥርጣሬን ማጽናት» ቢባል ያምርበታል።

የአገራችን አውጫጭኝ እዚህ ላይ ይታወሰኛል። ከብት ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል የአካባቢው ሰው አንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ወደ ቤቱ አይሄድም ነበር። የድንገተኛ ሐኪምም ተጠርጣሪዎችን ይሰበስባል፤ የሚጀምረው ግን ይበልጥ ከሚጠረጠረው ሳይሆን ፈጥኖ ከሚገድለው ነው። ደረት ሲያቃጥል እኛ ሁላችን «ጨጓራ ነው» እንላለን፣ ብዙ ጊዜም ልክ እንሆናለን። ሐኪሙ ግን መጀመሪያ ልብን፣ ወደ ሳንባ የሄደ የደም መርጋትን፣ የትልቁን ደም ቧንቧ መሰንጠቅ ከጥርጣሬ ማውጣት አለበት። ጨጓራ ይደርሳል። ይህ አካሄድ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ በእኛ አገር ጥቁር አንበሳ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስት ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው።

ከጥርጣሬ የሚያወጣ ምርመራ ዋና ጠባዩ በሽታው ካለባቸው ሰዎች አንዱም እንዳያመልጠው መሆኑ ነው። ጤነኛውን በከንቱ ቢያስጨንቅ ይቻላል፤ ታማሚውን «ደህና ነህ» ብሎ ወደ ቤት ከሰደደ ግን ጉድ ነው። የዘርፉ ተመራማሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚደክሙት ለዚህ ነው፤ ውጤቱም የግድ ውድ መሣሪያ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1992 በካናዳ የኢያን ስቲል ቡድን ያወጣው የኦታዋ የቁርጭምጭሚት ደንብ የሚጠይቀው አውራ ጣትና አራት እርምጃ ብቻ ነው። ሐኪሙ የቁርጭምጭሚቱን አጥንት በሁለቱም ጎን ከጫፉ ጀምሮ ወደ ላይ እስከ 6 ሴንቲ ሜትር በኋላ ጠርዙ በኩል ይጫናል። እዚያ ካላመመ፣ ሰውየውም እንደተጎዳ ወይም ሐኪሙ ፊት አራት እርምጃ መሄድ ከቻለ፣ የቁርጭምጭሚት ስብራት ከሞላ ጎደል ከጥርጣሬ ወጥቷል፤ ራጅ አያሻም። ከታክሲ ሲወርድ እግሩ ለዞረበት የገርጂ ልጅ ይህ የሰዓታት ወረፋና የራጅ ገንዘብ ነው።

ልብ እንዲህ አይቀልም። የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ ኢሲጂ፣ በሽተኛው በገባ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይነሣል፤ እሱ ደህና ቢሆንም ደም ይወሰዳል። የሚፈለገው የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈስ ትሮፖኒን የሚባል ፕሮቲን ነው። ችግሩ፣ ትሮፖኒን እስኪታይ ጊዜ ይወስዳል፤ ገና በመጀመሪያው ሰዓት የተወሰደ ደም ንጹሕ ቢሆን አያስተማምንም። ስለዚህ ከሰዓታት በኋላ ይደገማል። ልጅቷ «አንዴ ወስዳችሁ የለ?» ብላ የተቆጣችው በዚህ ነበር። ማንም ቀድሞ አልነገራትም፤ «አባትሽን ከጥርጣሬ ለማውጣት ሁለት ደም ያስፈልገናል» ቢባል ግን መች ይከብዳል?

ሁለተኛውም ንጹሕ ሆነ። አባትየው ጫማቸውን እያጠለቁ «ጨጓራ ነው አላልኳችሁም?» አሉን። ካርዱን አየሁት። ጨጓራ የሚል የለበትም። «ኤም አይ» ላይ አግድም ተሠርዟል፤ ከሥሩ «ምክንያቱ ገና ያልታወቀ የደረት ሕመም» ተብሎ በእንግሊዝኛ ተጽፎ የሳምንት ቀጠሮ ተሰጥቷቸዋል።