ተቀብሮ የሚበዛ

ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ሌሊት፣ እምቢ ያለኝን ኮድ ትቼ ዩቲዩብ ውስጥ ተደብቄ ነበር። አንድ ሰውዬ ሳሎኑ ውስጥ ባስቀመጠው የጨው ውሃ ገንዳ ኮራል ያሳድጋል። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው፤ ፖሊፕ የሚባሉ ጥቃቅን ፍጥረታት ኖራ እየሠሩ በጋራ ይኖሩበታል። የሰውዬው ኮራል ግን እንደ አጥንት ነጥቶ ቀርቷል። ሞቷል ያስብላል። እሱ አልጣለውም። የውሃውን ሙቀትና ጨው እንዳይዋዥቅ እየጠበቀ፣ መብራቱን ቀነስ አድርጎ ታገሠው። ከሳምንታት በኋላ ከአንድ ስንጥቅ ውስጥ የጣት ጥፍር የምታህል ሥጋ ብቅ አለች። ለካ የሞተው ላይ ላዩ ነው።

እኔ ባሕር በአካል አይቼ አላውቅም። ያደግኩት ሆሳዕና ዳር፣ እንሰት ጥላ ሥር ነው። ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ያየሁት ለኮራሉ ብዬ አልነበረም። የዚያን ቀን ከሰዓት እናቴ ደውላ "አንዷ ብቻ ቀረች" ብላኝ ነበር።

አንዷ የተባለችው እንሰት ናት። የቀሩትን የጨረስኳቸው እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካቻምና ለመስቀል ከአዲስ አበባ ገባሁ። ከተሜ ልጅ ቤቱ ሲመለስ አንዳንዴ ሥራ ወዳድ ይሆናል፤ እኔም ጓሮ ገብቼ የደረቁና ቢጫ የሆኑ ቅጠሎችን መቁረጥ ጀመርኩ። አንዱን ተክል ጨርሼ ወደ ሌላው፣ ያንን ጨርሼ ወደሚቀጥለው። በአንድ ቢላዋ። እናቴ ገበያ ሄዳ ነበር። ስትመለስ ጓሮው ፀድቶ አየችና ፊቷ ተለወጠ። "ቢላዋውን እሳት አስነክተኸዋል?" አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም።

ገና ሳይደርስ የመጀመሪያዋ እንሰት መሃል ቅጠሏ ጠወለገ። ሲቆርጡት ከውስጡ ቢጫ ዝልግልግ ነገር ይወጣል። የእንሰት አጠውልግ በሽታ ነው። ባክቴሪያውን ከእንሰት ላይ ለይተው በ1968 እ.ኤ.አ. ለሳይንሱ ዓለም ያሳወቁት ዳኛቸው ይርጉ እና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እዚሁ አገራችን ሙዝ ላይም ታየ። በ2001 እ.ኤ.አ. ዑጋንዳ ውስጥ ተገኘና የብዙ ገበሬ የሙዝ ማሳ አጠፋ። መድኃኒት የለውም። የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ ማሳውን ለጊዜው ሌላ ነገር መዝራት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቢላዋን ከተክል ወደ ተክል ሳያፀዱ አለማሻገር ነው መከላከያው። አራት ዓመት ኢንጂነሪንግ ተምሬ ይህን አላውቅም ነበር። እናቴ ግን ታውቀዋለች።

እንሰትን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልንገር። ሐዲያና ከምባታ ዌሳ እንለዋለን። ሙዝ ይመስላል፤ ዘመዱም ነው፤ ፍሬው ግን አይበላም። የሚበላው ግንዱና ሥሩ ነው። ተፍቆና ተብላልቶ ቆጮ ይሆናል፤ ነጩ ዱቄቱ ቡላ ነው፤ ከመሬት በታች ያለው ወፍራም ክፍል ደግሞ አሚቾ ይባላል፣ ተቀቅሎ ይበላል። ጭረቱ ቃጫ ነው። በኢትዮጵያ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በዚህ ተክል ላይ ይመካል። ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል፤ ከደረሰ በኋላ ግን እንደ ስንዴ በአንድ ወቅት ካልታጨደ አይበላሽም። የቸገረው ቤት የሚያስፈልገውን ቆርጦ ሌላውን ቆሞ እንዲጠብቅ ይተወዋል። ጓሮ ውስጥ የቆመ የቁጠባ ሒሳብ በሉት።

በ1997 እ.ኤ.አ. የአሜሪካና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በጋራ ያወጡት ጥናት ርዕሱ "ረሃብን የሚከላከል ዛፍ" የሚል ትርጉም አለው። በ1977ቱ ድርቅ እንሰት የበዛበት ቀዬ ሌላው ቦታ የደረሰውን ያህል እልቂት አላየም። ሁሉን ሰው አዳነ ማለት ግን አይደለም። መሬቱ የጠበበበት፣ እንሰቱ ያለቀበት ቤት በአረንጓዴ ምድር ላይ ተርቧል። ከምባታን በክረምት ያየ ሰው ያ ልምላሜ ውስጥ ረሃብ አለ ቢሉት አያምንም።

የሚገርመኝ ሌላ ታሪክ ነው። እንሰት ድሮ የደቡብ ብቻ አልነበረም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከ1769 ጀምሮ አገራችን ውስጥ ሲዘዋወር እንሰትን አይቷል፣ ሥዕሉንም በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ አውጥቷል። በጎንደር በደንብ እንደሚያድግ ጽፏል። በሜጫ አካባቢ ደግሞ ሰፋፊ የእንሰት እርሻ እንዳለና የአካባቢው ሰው ዋነኛ ምግብ እንደሆነ ጠቅሷል። ምግቡን ቀምሶ ጣዕሙን ሳይቀር መዝግቧል።

ዛሬ ጎንደር ሄዳችሁ "እንሰት እንዴት ይበላል?" ብላችሁ ጠይቁ። ተክሉ አልጠፋም። በየጓሮውና በየቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ታገኙታላችሁ፤ ስሙ ኮባ ነው። ድፎ ዳቦ የሚጋገርበት ያ ሰፊ ቅጠል! አዲስ አበባም በየበዓሉ እንገዛዋለን። ቅጠሉን ገልጠን ዳቦውን እንበላለን፣ ቅጠሉን እንጥላለን። ከቅጠሉ ሥር ቤተሰብ የሚመግብ ምግብ እንዳለ የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ይኼ ከኮራሉ ተቃራኒ ነው። ኮራሉ ላይ አጥንቱ ብቻ የቀረ መስሎን ሥጋው ውስጥ ተደብቆ ነበር። ሰሜን ላይ ደግሞ ተክሉ ለምለም ሆኖ ቆሞ፣ የሞተው ዕውቀቱ ነው። እንዴት እንደሚፋቅ፣ ስንት ቀን ጉድጓድ ውስጥ እንደሚቀመጥ፣ የትኛው ዝርያ ለምን እንደሚሆን የሚያውቅ እጅ ሲጠፋ ምግቡ ተመልሶ ቅጠል ሆነ። ፈረንጆቹ ጋርም ነገሩ ያስቃል። በ1853 እ.ኤ.አ. ምጽዋ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል የእንሰት ዘር ወደ ለንደኑ ኪው የዕፅዋት ማዕከል ልኮ ነበር። ከዚያች አሮጌ ቤቶቿ በኮራል ድንጋይ ከተሠሩ ከተማ ማለት ነው። ኪው ዘሩ በቅሎ እስኪያድግ ድረስ ምን እንደተላከለት አላወቀም፤ ሲያድግ ጌጥ አደረገው። ዛሬም አውሮፓ ውስጥ እንሰት ለአትክልት ቦታ ማስዋቢያ ይሸጣል። ዘር መላክ ይቻላል። ዕውቀት ግን በፖስታ አይሄድም።

ወደ እኛ ጓሮ ልመለስ። የተረፈችው እንሰት ከቤቱ ጀርባ ጥግ ላይ የነበረች፣ የኔ ቢላዋ ያልደረሰባት ናት። ከአያቴ እጅ የመጣች ዝርያ ናት። ገበሬ እንሰትን ከፍሬ አያበቅልም፤ ከእናቲቱ አሚቾ ነው የሚያባዛው። ስለዚህ እያንዳንዱ ዝርያ ከአንድ ተክል እየተቀዳ የመጣ ግልባጭ ነው። የመጨረሻዋ ከሞተች ባክአፕ የለም። እናቴ ግሺራ፣ ሲስቀላ እያለች ከጓሯችን የጠፉትን በስም ስትቆጥር የሞቱ ዘመዶቿን የምታነሳ ነው የሚመስለው።

ለገና ሆሳዕና ገባሁ። እናቴ ያቀደችውን ስትነግረኝ ደነገጥኩ። የቀረችውን አንዷን ልትቆርጣት ነው።

"እማዬ፣ ይቺንም?"

"ካልቆረጥናት እኮ አንድ ብቻ ናት። ስታብብ ትሞታለች።"

እውነቷን ነው፤ እንሰት በሕይወቱ አንዴ ነው የሚያብበው፣ ከዚያ በኋላ ያበቃለታል። ቢላዋውን እሳት ላይ አሞቀችው። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ እጀታውን ለኔ ሰጠችኝ። ግንዱን ከአሚቾው በላይ አንድ ስንዝር ያህል ትተን ቆረጥነው። ቀጥሎ ዋናው ሥራ መጣ፤ መሃል ላይ ያለውን ቡቃያ፣ የተክሉን ልብ፣ ቆፍሮ ማውጣት። ልቡ ካለ ዙሪያው ያሉትን እንቡጦች አፍኖ ይይዛቸዋል። ልቡ ሲወጣ የተኙት ሁሉ ይነሳሉ። ጥልቅ አድርገህ ካልቆፈርክ ልቡ ተመልሶ ያድግና ልጆቹ አይወጡም፤ ከመጠን በላይ ከቆፈርክ አሚቾው ይበሰብሳል። ሁለት ጊዜ እጄን ይዛ አስቆመችኝ። የስንት ሴንቲሜትር ጉዳይ እንደሆነ ጠየቅኳት። ሳቀችብኝ። "ቢላዋው ሲለሰልስልህ ታውቀዋለህ።"

አሚቾውን ለጥቂት ቀን አደረቅነው፣ በሽታው ካልነካው ጥግ ጉድጓድ ቆፍረን ከፍግ ጋር ቀበርነው። ልክ እንደ ቀብር። አፈሩን ስመልስ የሆነ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

አዲስ አበባ ተመልሼ እንደገና ኮራል ማየት ያዝኩ። ዴቪድ ቮን የተባለ የባሕር ተመራማሪ ፍሎሪዳ ውስጥ ኮራል ከገንዳ ሲያነሳ ሳያስበው ይሰብረዋል። ገንዳው ወለል ላይ ተጣብቀው የቀሩት ጥቂት ፖሊፖች ይሞታሉ ብሎ ይተዋቸዋል። ተመልሶ ሲያይ በዝተዋል። የተቆረጠው ጠርዝ ቁስሉን ለመዝጋት ሲሮጥ በፍጥነት ያድጋል። ዛሬ ይህ ዘዴ የተጎዱ የባሕር ኮራሎችን መልሶ ለማልማት ያገለግላል። ለዓለም አዲስ ግኝት ነው፣ እኔም ተደንቄበታለሁ። ግን ቆርጦ የማብዛትን ነገር የሐዲያና የከምባታ ገበሬ ለዘመናት ሲሠራበት ኖሯል፤ ማንም አጨብጭቦለት አያውቅም። እኔም ልጁ ሆኜ አላጨበጨብኩም። ትምህርት ቤት ስለ ስንዴና ጤፍ ተማርን፤ ዌሳ የቤት ነገር ነበር።

በየሳምንቱ እደውላለሁ። "ወጣ?" "አልወጣም።" ጥር አለፈ። የካቲት አለፈ። አንድ ቀን "ቆፍሬ ልየው?" ስላት ተቆጣች፤ "ተወው! የተቀበረ አይነካካም።" ሰውዬው ኮራሉን ያለመነካካቱ ትዝ አለኝ። እኔ ሥራዬ ላይ አምስት ደቂቃ ያልመለሰ ሰርቨር ሞቷል ብዬ የማጠፋ ሰው ነኝ።

የበልግ ዝናብ ከጣለ በኋላ መጋቢት ላይ ፎቶ ላከችልኝ። ጥቁር አፈር ላይ እንደ ቀንድ የሾሉ ቡቃያዎች። መጀመሪያ ዘጠኝ ነበሩ። ባለፈው ሳምንት ስትቆጥር 47 ደርሰዋል። ከአንድ አሚቾ ከመቶ በላይ የሚወጣበት ጊዜም አለ። ዓመት ሲሞላቸው ይነቀላሉ፣ ይዛወራሉ፣ እንደገና ይዛወራሉ። ቆጮ እስኪሆኑ ገና ብዙ ዓመት አለ። አሥሩን ለጎረቤት ልትሰጥ ነው፤ "ጓሯችን ዳግመኛ ቢታመም ከእነሱ እንወስዳለን" አለችኝ። ባክአፕ ማለት ይሄ ነው፣ እኔ ሳላስተምራት።

በኔ በኩል ኤክሴል ከፍቼ የምታውቃቸውን የዝርያ ስሞች፣ የሚለዩበትን የቅጠል ጅማት ቀለም፣ የየትኛው ቆጮ እንደሚጥም እየጻፍኩ ነው። ጥሩ ሥራ ነው፣ ግን አልሞኝም። ጎንደርም ብሩስ የጻፈው መጽሐፍ አለ፤ ምግቡ ግን የለም። ሰንጠረዡ ውስጥ "የመቆፈሪያ ጥልቀት" የሚል ዓምድ አለኝ። ባዶ ነው። ቢላዋው ሲለሰልስ የሚለውን በቁጥር መሙላት አልቻልኩም።

ለመጪው ገና ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ጎረቤታችን አሚቾ ሊቀብሩ ነው፤ እናቴ "ልጄ ይመጣል፣ እሱ ይቆርጥላችኋል" ብላቸዋለች። እሳቱን አስቀድመው እንዲያነዱ ነግሬያቸዋለሁ።