የመንዝ ጓሳና የቀሮ ሥርዓት

በመንዝ ደጋ ከ3,200 ሜትር በላይ የሚገኘው ጓሳ፥ ስሙን ከሚበቅልበት ሣር የወሰደ ሜዳ ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን፥ ለገመድና ለገሳ ይሆናል፤ ከብትም ይሰማራበታል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳም ይኖሩበታል።

በአገሩ ትውፊት መሠረት፥ ሜዳውን የሚጠብቀው የቀሮ ሥርዓት የተጀመረው በ17ኛው መቶ ዓመት ነው። የአስቦና የገራ ዘሮች መሬቱን በአጽመ ርስትነት ይጠቀሙበት ነበር። የመረጡት አባ ቀራ ሣሩ እስኪያገግም አንዳንድ ጊዜ ለብዙ ዓመታት ሜዳውን ይዘጋ፥ ሲደርስም በበጋ ያስከፍት ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ የአጽመ ርስት መብት ቀረ፤ በእርሱ ላይ የቆመውም ቀሮ ፈረሰ። ሣሩ ዕረፍት አጣ። ሕዝቡ በኋላ ጥበቃውን በኮሚቴ መልሶ አቋቁሟል።

እንግዲህ ምርምሩ ከምን ይጀምር? ሣሩ ስንት ዓመት ማረፍ እንደሚገባው መለካት ያስፈልጋል፤ የቀበሮውና የምግቡ የአይጦች ሁኔታም መጠናት አለበት። ነገር ግን መቅደም ያለበት የሽማግሌዎችን ቃል መጻፍ ነው። አባ ቀራው የሣሩን መድረስ በምን ያውቅ ነበር? አጥፊው እንዴት ይቀጣ ነበር? አጽመ ርስት የሌለውስ ሰው ሣር ከየት ያገኝ ነበር? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ካልተመለሰ፥ የቀድሞውን ሥርዓት ማመስገን ከፊሉን ታሪክ መርሳት ይሆናል።

በ1967 ዓ.ም. የ25 ዓመት ጎልማሳ የነበረ ሰው ዛሬ 75 ዓመት አልፎታል። ሣሩ ለከርሞም ይለካል፤ የሽማግሌው ቃል ግን ለከርሞ ላይገኝ ይችላል።